ከምስሉ የቀደመ ጩኸት

የስፖርት ሥርጭት ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ከሚያሰራጨው ወገን ተነሥቶ ነው፤ ጣቢያው መቼ ተቋቋመ፣ ካሜራው መቼ ተለወጠ፣ የሥርጭት መብት፣ ማለትም አንድን ውድድር ለተመልካች የማሳየት ፈቃድ፣ ለማን ተሸጠ እየተባለ ይተረካል። ከተቀባዩ ወገን፣ በተለይም ከዋና ከተማው ከራቀች የገበያ ከተማ ተነሥቶ ቢጻፍ ግን ታሪኩ ሌላ መልክ ይይዛል። ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወርደው ጎዳና ላይ፣ የወሎ ደጋ አልቆ የአፋር ቆላ ሊጀምር ሲል የምትገኘው ባቲ ለዚህ የምትመች ናት። በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሥር ብትሆንም ወረዳዋ ከዞኑ ዋና ከተማ ከከሚሴ ጋር በመሬት ሳይያያዝ፣ በደቡብ ወሎና በአፋር መካከል ተነጥሎ ይገኛል። ሰኞ ሰኞ በሚቆመው ታላቅ ገበያዋ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ ይሰማል፤ ወሬም እንደ ጨውና እንደ ከብቱ በዚያው ቀን ይለዋወጣል። በዚች ከተማ ከሬዲዮ እስከ እጅ ስልክ ያለፈውን ዘመን መለስ ብሎ ለሚመረምር ሰው ከዋጋው ይልቅ ጎልቶ የሚታየው የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ያም ብዙ ሰው አንድን ነገር በአንዲት ቅጽበት አብሮ ማየቱ ነው።

አብሮ ማየቱን የሰጠው ነፃ ቴሌቪዥን ነበር፤ ነፃ ቴሌቪዥን ሲባል ተመልካቹ ወርሃዊ ክፍያ ሳይጠየቅበት፣ ምስሉም ሳይቆለፍበት የሚያየው ሥርጭት ማለት ነው። ፍጹም ነፃ እንዳልነበር ግን መዘንጋት የለበትም፤ የቴሌቪዥን ባለቤቶች ለመንግሥት ጣቢያ ዓመታዊ ክፍያ ይከፍሉ ነበር፣ መሣሪያውም ቢሆን ለብዙው ቤተሰብ የሚቀመስ አልነበረም። ነፃነቱ ያረፈው በሌላ ነገር ላይ ነበር፤ አንድ ቤት ወይም አንድ አዳራሽ ውስጥ የገባው ሥርጭት ለጎረቤትም፣ ለመንገደኛም፣ በመስኮት ለሚያጮልቅ ልጅም ያው ነበር።

የስፖርት ትዝታ ግን ከምስል በፊት ይጀምራል። ኢትዮጵያ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ ያኔ የተባበረችው የዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሣ በአገሪቱ የቴሌቪዥን ጣቢያ አልነበረም። አበበ ቢቂላ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያሸንፍ የዚያ ኦሊምፒክ ምስል ሲንኮም 3 በተባለች ሳተላይት አማካይነት ወደ አሜሪካ ይተላለፍ ነበር፤ የባለድሉ አገር ግን የራሷን የቴሌቪዥን ጣቢያ የከፈተችው በዚያው በ1957 ዓ.ም. ሆኖ፣ ሥርጭቱም ለረጅም ጊዜ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ እምብዛም አላለፈም። ስለዚህ ለወሎ ሰው ኳስም ሩጫም ድምፅ ነበር፤ አንጋፋው የስፖርት ጋዜጠኛ ሰለሞን ተሰማ በሬዲዮ ሲያስተላልፍ አድማጩ ሜዳውን፣ ማልያውንና ግብ ጠባቂውን በልቡ ይሥል ነበር። በቆላ ከተሞች የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣ እንደነበር የሚያስታውሱ ዛሬም ጥቂት አይደሉም፤ ድንጋይ የተባለው ደረቅ ባትሪ ሲሞቅ ለጥቂት ጊዜ ነፍስ ይዘራል፣ ያም ጥቂት ጊዜ ለሁለተኛው አጋማሽ ከበቃ ሌላ አይፈለግም ነበር። ሬዲዮ በአንድ ነገር ከኋላ ዘመዶቹ ሁሉ ይበልጣል፤ ከማሠራጫው የወጣው ድምፅ አዲስ አበባ ያለውን ባለሥልጣንና ባቲ ያለውን ባለሱቅ የሚያገኘው፣ የሰው ጆሮ ልዩነቱን ሊለይ በማይችልበት ፍጥነት፣ እኩል ነበር።

ቴሌቪዥን ወደ ክፍለ ሀገር የወጣው ቀስ በቀስ ነው። ምስሉን ከዋናው ጣቢያ ተቀብለው ወደ ሩቅ የሚገፉ ማሠራጫዎች በየተራራው ላይ ሲተከሉ፣ በ1977 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ ከኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታና ከአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ጋር ተያይዞ ሥርጭቱ ባለቀለም ሲሆን፣ በየከተማው የቀበሌ መዝናኛ ክበብ የሕዝብ መመልከቻ ቦታ እየሆነ መጣ። እንደ ባቲ ባለ በገደልና በጋራ መካከል በተቀመጠ ከተማ የተራራ ነገር ቀላል አይደለም፤ የአየር ሞገድ ቀጥ ብሎ የሚጓዝ በመሆኑ አንድ ጋራ በመካከል ከገባ ምስሉ በረዶ ይለብሳል፣ ድምፁ ብቻ ይቀራል። ይህ ሆኖ እንኳ ተመልካቹ አይበተንም ነበር፤ ሬዲዮ ያሠለጠነው ጆሮ ስለነበረው በበረዶው ውስጥ ጎሉን ያየዋል።

በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተካሄደው የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ፣ በተለምዶ ሴካፋ የሚባለው፣ የዚህ ዘመን ጫፍ ነው። ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ ዋንጫውን ስታገኝ ጨዋታውን ያስተላለፈው የደምሴ ዳምጤ ድምፅ ከድሉ ጋር ተጣብቆ ቀረ፤ የዚያን ዕለት ያልተወለዱ ሰዎች እንኳ ድምፁን ሲሰሙ ያውቁታል። አንድ ተንታኝ ለአንድ አገር የጋራ ጆሮ ሊሆን የቻለው በችሎታው ብቻ አልነበረም፤ ሌላ የሚሰማ፣ ሌላ የሚታይ ስላልነበረም ነው። የምርጫ ማጣት ውጤት መሆኑን አለመካድ ይገባል፤ ነገር ግን ከምርጫ ማጣትም ቢሆን የተወለደው የጋራ ትዝታ እውነተኛ ነው፣ ዛሬም ምትክ አልተገኘለትም።

ከዚህ ሁሉ ተለይቶ ሊነገር የሚገባው ዕለት መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። የሲድኒ ኦሊምፒክ የወንዶች 10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ በዚያ ምሽት ሲካሄድ በኢትዮጵያ ገና ቀትር አካባቢ ነበር፤ ዕለቱም ሰኞ ነበር። ለባቲ ሰኞ ማለት ገበያ ነው፤ ግመል ከአፋር በረሃ፣ እህል ከደጋ የሚገናኙበት፣ ከተማዋ ከነዋሪዋ ብዙ እጥፍ ሰው የምትይዝበት ሰዓት ደግሞ ያው ቀትር ነው። በየሻይ ቤቱና በየምግብ ቤቱ የተከፈተ ቴሌቪዥን ፊት ጥላ ፍለጋ የገባው ገበያተኛ ለውድድሩ ብሎ የመጣ አልነበረም። ሯጮቹ 25ቱን ዙር እየቆጠሩ ሲሄዱ የሚያየው ሰው ቁጥር ይጨምራል፤ ደወል ከተደወለ በኋላ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ከሩቅ ይፈተለካል፤ ኃይሌ ገብረሥላሴ ይከተለዋል፤ በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ይሆናሉ፣ ኃይሌም መስመሩን በደረቱ ቀድሞ ይነካል። ሰዓቱ 27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፣ የቴርጋት 27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ ሆኖ ተመዘገበ፤ አሰፋ መዝገቡ ሦስተኛ ወጣ። በሁለቱ መካከል የነበረው 9 መቶኛ ሰከንድ፣ በዚያው ኦሊምፒክ የ100 ሜትሩን አሸናፊ ሞሪስ ግሪንን ከሁለተኛው ከለየው 12 መቶኛ ሰከንድ እንኳ ያነሰ ነበር። 10 ሺህ ሜትር የሮጡ ሰዎች በመቶ ሜትር ሯጮች ልክ እንኳ አልተራራቁም ማለት ነው። ይህን የመሰለ ነገር ሲታይ ቦታው ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ይጮሃል፤ ጩኸቱ ከአንዱ ሻይ ቤት ወደ ሌላው የሚሄድ አልነበረም፣ ከሁሉም ቤት በአንዴ የሚፈነዳ ነበር። ነፃ ቴሌቪዥን ለሕዝብ የሰጠው ትልቁ ነገር ይኸው ነበር ብሎ መናገር ማጋነን አይሆንም።

በአዲሱ ሺህ ዓመት መባቻ በየጣሪያው ላይ ዲሽ መብቀል ጀመረ። ዲሽ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ከሚቆሙ ሳተላይቶች የሚወርደውን ሞገድ ሰብስቦ ኤልኤንቢ ለተባለው ከፊቱ ለተደገነ ተቀባይ የሚያቀብል ጎድጓዳ ሳሕን ነው። ጋራ አያግደውም፤ ለባቲ ትልቁ ነገር ይህ ነበር። አተካከሉ ግን ሙያ ይጠይቃል። ባለሙያው ቁልፉን ይዞ ቆርቆሮው ላይ ይወጣል፣ አንድ ልጅ ግቢ ውስጥ ይቆማል፣ ሦስተኛው ሰው ቤት ውስጥ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን የጥራት መለኪያ መሥመር ያነብባል። «መጣ»፣ «ሄደ»፣ «ትንሽ ወደ ግራ»፣ «በቃ እንዳትነካው» የሚሉት ቃላት ከቤት ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ ጣሪያ በቅብብል ይወጣሉ፤ የባቲ ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ እግር እየለበለበ፣ የአንድ ጣት ስፋት የማትሞላ ፈቀቅታ አንድን ሳተላይት አጥፍታ ሌላውን ታመጣለች። መለኪያው ከፍ ብሎ ሲረጋ ብሎኑ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ዲሹን የሚነካ ልጅ ወዮለት።

በዲሹ የመጣው ስፖርት የሌላ አገር ቋንቋ ይናገር ነበር። ኤአርቲ የተባለው የዓረብ ጣቢያ፣ በኋላም የእርሱን የስፖርት ቻናሎች የገዛውና በ2006 ዓ.ም. ቢኢን ስፖርት ተብሎ ስሙን የለወጠው አልጀዚራ ስፖርት፣ የአውሮፓን ኳስ በዓረብኛ ትንተና ያቀርቡ ነበር። አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም በሆነበት፣ ወጣቱም ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ በሚሄድበት በዚህ አካባቢ ዓረብኛው ፈጽሞ ባዕድ አልነበረም፤ ከጅዳ ወይም ከሪያድ የተመለሰ ሰው ከአግዳሚው ላይ ሆኖ ተንታኙ ምን እንዳለ ለጎረቤቶቹ ያስረዳል፣ በዚያውም ክብር ያገኛል። እነዚህ ቻናሎች ግን በአመዛኙ የተቆለፉ ነበሩ። መቆለፍ ማለት ምስሉ በምሥጢር ቁጥር ተዘባርቆ እንዲመጣና ቁጥሩ ያለው መሣሪያ ብቻ እንዲፈታው ማድረግ ነው። ሕዝቡም በበኩሉ ያልተቆለፈ ፍለጋ ሰማይን ማሰስ ያዘ፤ የታጂኪስታን መንግሥት የስፖርት ቻናል የሆነው ቫርዚሽ በኢትዮጵያ ዝነኛ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙው ተመልካች በካርታ ላይ ሊያመለክታት የማይችለውን አገር ቋንቋ እየሰማ የሚወደውን ቡድን ያይ ነበር፤ ነፃ ሥርጭትን የመሻት ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር ማግኘት ያስቸግራል።

ከዚያ ዘመን ጋር የተያያዘው ሁለተኛው ነገር የዲኤስቲቪ ቤት ነው። ዲኤስቲቪ ከደቡብ አፍሪካ የሚሠራጭ ባለክፍያ ቴሌቪዥን ሲሆን፣ አንድ ሰው ከፍሎ ያስገባውን ሥርጭት ብዙዎች በጥቂት ሳንቲምና ብር የሚያዩበት አዳራሽ በየከተማው በስሙ ተጠራ፤ ቀድሞ ፊልም ያሳዩ ከነበሩት ቪዲዮ ቤቶች መካከልም ወደዚህ የተለወጡ ነበሩ። በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ይቆማል፤ የዕለቱ ጨዋታዎች በኖራ ይጻፉበታል፣ ሰዓቱም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። እንግሊዞች በጥቅምት መጨረሻ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ የቅዳሜው ጨዋታ ከ11 ሰዓት ወደ 12 ሰዓት ይዛወራል፤ ይህም በባቲ ከመግሪብ ሶላት ጋር ይገጣጠማል። አዛን ሲሰማ አግዳሚው ይሳሳል፣ ከሶላት የሚመለሰውም ገና ከበሩ ሆኖ ስንት ለስንት እንደሆነ ይጠይቃል፤ በመግቢያው ድጋሚ የሚያስከፍል የለም። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላም ነገር አለ፤ በእንግሊዝ አገር ያው የቅዳሜ ጨዋታ (በእነርሱ አቆጣጠር ከቀኑ 3 ሰዓት) ሕዝቡ ወደ ስታዲየም ከመሄድ እንዳይቀር ሲባል በአገር ውስጥ በቀጥታ አይሠራጭም። ለንደን ቤቱ የተቀመጠው ሰው በደንብ የተከለከለውን ጨዋታ የባቲ ወጣት ጀርባ በሌለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ በቀጥታ ያየው ነበር።

ነፃው ሥርጭት ወደ ባለክፍያው የተሸጋገረበት መንገድ በብዙ አገር ተመሳሳይ ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1992 ሲመሠረት ቀጥታ ሥርጭቱን ለስካይ ለተባለ ባለክፍያ የሳተላይት ጣቢያ ሸጠ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው የገንዘብ ብዛት የታወቀ ነው። እንግሊዝ ግን ሁሉንም ለገበያ አልለቀቀችም፤ የ1996ቱ የብሮድካስት ሕጓ ኦሊምፒክን፣ የዓለም ዋንጫንና የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜን የመሳሰሉ ውድድሮች ለመላው ሕዝብ በነፃ ጣቢያ እንዲደርሱ ይጠብቃል። ኢትዮጵያም በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን የፕሪሚየር ሊጓን ሥርጭት ለ5 ዓመት በሚዘልቅ ውል በዲኤስቲቪ ለሚታየው ለሱፐር ስፖርት ሰጠች። ውሉ ለክለቦች ገቢ፣ ለሊጉም የተሻለ ምስል አምጥቷል፤ ይህን መንቀፍ አይገባም። ነገር ግን የአገሩ ልጆች የአገራቸውን ሊግ ለማየት የሌላ አገር ካርድ መሙላት ግዴታ ሲሆንባቸው፣ ከባለመብቱ ጋር አብሮ ጥቂት ጨዋታ እንኳ በነፃ የሚታይበት መንገድ ቢታሰብ ምንኛ በጠቀመ ነበር።

አሁን ያለው ዘመን የስትሪሚንግ ነው። ስትሪሚንግ ማለት ምስሉ በአየር ሞገድ ለሁሉም በአንድ ጊዜ መበተኑ ቀርቶ በኢንተርኔት አማካይነት ለጠየቀው ሰው ሁሉ በየግሉ መላኩ ነው። ሥርጭቱ ጥቂት ሰከንዶች ርዝመት ባላቸው ቁራጮች ይከፈላል፤ ስልኩም መቆራረጥ እንዳይኖር ከእነዚህ ቁራጮች የተወሰኑትን አስቀድሞ ካጠራቀመ በኋላ ማሳየት ይጀምራል። በዚህ ምክንያት በስልክ የሚታየው ጨዋታ ሜዳ ላይ ካለው 30 ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘገያል፤ መስመሩ ሲደክም ደግሞ ክቧ ትሽከረከራለች፣ መዘግየቱም ይጨምራል። ይህ ሆኖ ሳለ ጥቅሙ ብዙ ነው። ፊፋ የራሱን የኢንተርኔት ሥርጭት ከፍቷል፤ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የተካሄደውን የክለቦች ዓለም ዋንጫ ዳዞን የተባለው አገልግሎት በነፃ አሳይቷል፤ ቀድሞ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የአራት ዓመት እንግዳ የነበሩት ሯጮቻችን ዛሬ በየወሩ የሚሮጡትን ማንም ፈላጊ ሊያገኘው ይችላል። ያልተፈቀደውም በቴሌግራም በኩል ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል።

ኢንተርኔትን ግን ከጋራ ሌላ የሚገድበው ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ኮምቦልቻና ከሚሴ ደርሶ የባቲና የሚሌ መንገድ የውጊያ ግንባር በሆነበት ወቅት ስለ ኳስ የሚያስብ አልነበረም፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በእነዚያ ወራት ስልክ ላይ ያረፈ የስፖርት ፍቅር ሁሉ ተመልሶ የተደገፈው በአሮጌው ዲሽ ላይ ነው። ዝገት የበላው ብሎን ሲፈታ፣ ልጁ ግቢ ሲቆም፣ «መጣ» የሚለው ጥሪ እንደገና ተሰማ።

የብሔራዊ ቡድኑ ነገር ከሁሉም ይበልጥ ያሳስባል። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፎ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፍ ስታዲየሙ ውስጥ ያለውና ቴሌቪዥን ፊት ያለው ሕዝብ አብረው አለቀሱ። ከዚያ በኋላ ግን በአገር ውስጥ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም በመታጣቱ ቡድኑ የሜዳውን ጨዋታ ሳይቀር ለዓመታት በሰው አገር ሲያደርግ ነበር። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 ያሸነፈው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ከባቲ ሰው የሚለይበት የስታዲየም ዕድል ቀርቶ ሁሉም እኩል የስክሪን ተመልካች ሆኖ ነበር፤ ስክሪኑ ግን እኩል አይደለም።

በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ቤት ቢኖር አንዱ በዲሽ፣ አንዱ በባለክፍያው ካርድ፣ አንዱ በስልክ ያያል። ዲሹ ያለበት ቤት አስቀድሞ ይጮሃል። ባለ ካርዱ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይከተላል። ስልኩን በሻይ ብርጭቆ አስደግፎ ደጃፉ ላይ የተቀመጠው ወጣት ያን ጊዜ የሚያየው ኳሱን ገና መሐል ሜዳ ላይ ነው፤ አማካዩ ቀና ብሎ ያያል፣ ወደ ቀኝ ያቀብላል፣ ክንፈኛው መሮጥ ይጀምራል። ወጣቱ ጎሉ እንደሚገባ ያውቃል። ከጎረቤት ጭብጨባው በርዶ ሰው ወደ ቦታው ሲመለስ እርሱ ስልኩን ጠጋ አድርጎ ኳሱ እስኪደርስ ይጠብቃል።